ይቆይ የተባለው ደብዳቤ

ደብዳቤው ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። በግራ ጠርዙ ሁለት ቀዳዳ አለው። ወረቀት መብሻውን የያዘችው ሴትዮ ቸኩላ ነበር መሰለኝ፣ ቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ ገባ ብለዋል። አንደኛው ባዶ ቦታ ላይ ሲያርፍ ሁለተኛው መልስ የምሰጥበት የመጨረሻ ቀን የተጻፈበትን መስመር መጀመሪያ በልቶታል። ከላይ በቀኝ በኩል ሐምራዊ ማህተም አለ፤ ከማህተሙ ሥር የገቢ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ሥር ቀን። በጎን ደግሞ፣ ጽሑፍ በሌለበት ነጭ ቦታ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ ቃል ተጽፏል፦ «ይቆይ»። ከቃሉ ቀጥሎ አጭር ፊርማ። ይህን ወረቀት ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዓመታት አልፈውታል፣ አሁንም ይፈላል። ይብረድልኝ ብዬም አልለምንም።

ያን ጊዜ እንጅባራ ውስጥ በአንድ መሰናዶ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። ከተማዋን ገበያተኛው አሁንም ቆሰበር ነው የሚላት። ተወልጄ ያደግሁት ግን ዳንግላ ነው፤ አባቴም የሚኖሩት እዚያው ነው። አባቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መዝገብ ቤት ማለት ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ተከፍቶ ቁጥር የሚሰጠው፣ ከዚያም ለሚመለከተው ኃላፊ የሚመራበት፣ በመጨረሻም ተመልሶ በፋይል የሚታሰርበት ክፍል ነው። የአባቴ ስም ሲነሳ «አንድ ወረቀት ያልጠፋበት ሰው» ይባል ነበር። እኔም በዚህ እየኮራሁ ነው ያደግሁት።

ኳንተምን መጀመሪያ ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለመጀመሪያ ዲግሪ ስማር ነው። አገኘሁት ማለት እንኳ ይከብደኛል። መምህሩ ከማስታወሻው ወደ ሰሌዳው ይገለብጣል፣ እኛ ከሰሌዳው ወደ ደብተራችን እንገለብጣለን፣ ፈተና ላይ ደግሞ ከደብተራችን ወደ ፈተና ወረቀቱ። እንዲህ ሆኖም አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ቀረ። አንዲት የብርሃን ቅንጣት ብቻዋን ልትላክ እንደምትችል፣ እሷንም ሳይነኩ ማየት እንደማይቻል ሰማሁ። ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ በዚህ ላይ የቆመ ራሱን የቻለ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በውጭ አገር መከፈቱን አነበብኩ። ኳንተም ቴክኖሎጂ ይሉታል።

ለተማሪዎቼ ነገሩን የማስረዳው በደብዳቤ ነበር። እስቲ አስቡ እላቸዋለሁ፣ አንድ ሰው መንገድ ላይ ከፍቶ ቢያነበው መከፈቱን ራሱ የሚናገር ደብዳቤ። ሌባው ሙጫውን መልሶ ቢለጥፍ፣ በእንፋሎት ቢከፍተው፣ የፈለገውን ያህል ቢጠበብ ማምለጫ የለውም። መልእክቱ በብርሃን ቅንጣት አንድ በአንድ ሲላክ፣ መሀል ገብቶ ያየው ሰው ጥቂቱን ማበላሸቱ አይቀርም። ላኪና ተቀባይ ከላኩት ጥቂቱን ያስተያያሉ፤ ስሕተት ከበዛባቸው «ሰው አይቶብናል» ብለው ሁሉንም ይጥሉና እንደ አዲስ ይጀምራሉ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ከፍቶ ያየውስ ሰውዬ ምን ይሆናል?»

«ይታወቅበታል።»

«ታውቆበትስ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። መልስ ስላልነበረኝ ነው የሳቅሁት። መጽሐፉም ስለ ሰውዬው ምንም አይልም፤ ታወቀበት ይልና ምዕራፉ ያልቃል።

እኔ ራሴ የምማርበት መጽሐፍ ፎቶኮፒ ተደርጎ በሽቦ የተጠረዘ ነበር፤ አንዳንዱ ገጽ ጥቁር ብቻ ነው። በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ከግድግዳው ጥግ ስድስት ካርቶን መሣሪያ ተደርድሯል። አንደኛው ላይ ሌዘር የሚል ተጽፏል። አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም። ለማስተማሪያ እንዲከፈትልኝ ስጠይቅ ንብረት ክፍሉ «ቢሰበር ማን ይጠየቃል?» አለኝ። ሌላ ጊዜ ስጠይቅ ኮሚቴ ይሰየምለታል ተባለ። ኮሚቴው አልተሰየመም፣ ካርቶኑም አቧራውን እንደጠጣ ቀረ። ያን ጊዜ የገረመኝ ካርቶኑ ነበር። በኋላ ነው የባሰው የገባኝ፤ በዚያ ትምህርት ቤት መከፈት ያለበት ነገር ታሽጎ ይኖራል፣ መታሸግ ያለበት ደግሞ ይከፈታል።

የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። ብርሃን የሚቆጥረው መሣሪያ አንዲት ቅንጣት ስትገባበት ጠቅ ይላል ይባላል። እሱን መስማት ፈለግሁ። ሳልሰማው ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ስለሱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ አልፈለግሁም። ስለዚህ ባሕር ማዶ ላለ ዩኒቨርሲቲ አመለከትኩ። ሁለት ዓመት፣ ሙሉ ወጪው የተሸፈነ፣ ቤተ ሙከራ ያለው ማስተርስ። ሰው ሲሰማ ይስቅ ነበር። አከራዬ «ኳንተሙ ለድንች በሽታ ይሆናል?» አሉኝ። አይሆንም ስላቸው ከልባቸው አዘኑልኝ።

ቃለ መጠይቁ በስልክ ነበር። ከተማ ውስጥ ድምፅ እየተቆራረጠ ስላስቸገረ ዘንገና ሐይቅ አናት ላይ ወጣሁ፤ እዚያ ኔትወርኩ ይሻላል። ሦስት ሰዎች በየተራ ጠየቁኝ። መልስ በመስጠት ላይ ሳለሁ ፈረሱን እየሳበ የሚያልፍ አንድ ገበሬ አጠገቤ ቆመና በደንቡ መሠረት ሰላምታውን ጀመረ። እንዴት ዋልሽ፣ ደኅና ነሽ፣ ቤተ ሰብ ደኅና ነው። እጄን አንሥቼ ቆይ የሚል ምልክት አሳየሁት። ፊቴ ጠቁሮ፣ ድምፄ ተንቀጥቅጦ፣ በማያውቀው ቋንቋ ሳወራ ሲያይ መርዶ እየተነገረኝ መሰለው። ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ እስክጨርስ ድረስ አብሮኝ ቆመ። ስልኩን ስዘጋ ዝቅ ባለ ድምፅ «ማን ነው?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም፣ ፈተና ነው።»

«ተመስገን» አለና ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ። በዚያ ሁሉ ወር አብሮኝ የቆመ ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ውጤቱን በኢሜይልም በፖስታም እንደሚልኩ ነገሩኝ። በፖስታ የሚመጣው ዋናው ነው፤ ከሱ ጋር ፈርሜ የምመልሰው ቅጽ አለ፣ ቅጹ በቀኑ ካልደረሰ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። አድራሻዬን የሰጠሁት እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በእኛ አገር ብዙ ሰው የራሱ የፖስታ ሳጥን የለውም፣ የመሥሪያ ቤቱን ይሰጣል። ስሜን፣ ከሥሩ የትምህርት ቤቱን ስም፣ ከሥሩ የትምህርት ቤቱን የፖስታ ሳጥን ቁጥር ጻፍኩ። ጥፋቴ ይህ ነው ከተባለ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ጠፋ። የዚያን ዘመን ሰው ያስታውሰዋል፤ አንድ ቀን ማለዳ ተነሥተን ስልካችንን ብንነካካ ምንም የለም። ስልክ ይደወላል፣ ሌላው የለም። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ኮምፒውተሮቹን በጨርቅ ሸፍኖ ሞባይል መጠገን ጀመረ። መጋቢት አለፈ፣ ፋሲካ ሆነ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ። በየሳምንቱ መዝገብ ቤት ብቅ ብዬ «የመጣ ነገር አለ?» እላለሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሳትዋሽ፣ ፊቷን ሳታዞር «ላንቺ የተመራ የለም» ትለኛለች። ላንቺ የተመራ የለም። የዚህን አነጋገር ጥበብ ያኔ አላስተዋልኩትም። የመዝገብ ቤት ልጅ ሆኜ እንኳ አላስተዋልኩትም።

ግንቦት ላይ ኢንተርኔቱ ለጥቂት ቀን ተመለሰ። ሮጬ ኢሜይሌን ከፈትኩ። ሦስት መልእክት ጠበቀኝ። የመጀመሪያው እንኳን ደስ አለሽ፣ ተቀብለንሻል፣ ዋናው ደብዳቤ በፖስታ ተልኮልሻል ይላል። ሁለተኛው ቅጹ አልደረሰንም፣ ቀኑ እየቀረበ ነው ይላል። ሦስተኛው ቀኑ በማለፉ ማዘናቸውን ይናገራል። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሦስቱንም ደግሜ አነበብኳቸው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ፖስታ ቤት ሄድኩ።

ፖስታ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰውዬ ፖስታውን በደንብ ያስታውሱታል። «ነጭ፣ ወፍራም፣ ቴምብሩ ላይ ወፍ ያለበት። ከፋሲካ በፊት ነው እኮ፤ የናንተ ተላላኪ ፈርሞ ወስዶታል» አሉኝ። የፈረመበትንም አሳዩኝ።

መዝገብ ቤት ስገባ ሠራተኛዋ አልደነገጠችም። ገቢ መዝገቡን አወጣች፣ ጣቷን በመስመሮቹ ላይ አስኬደች፣ ቁጥሩን አገኘችው። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄዳ የግል ማህደሬን አወረደች። ደብዳቤዬ እዚያ ውስጥ ነበር። ከቅጥር ደብዳቤዬና ከወሊድ ፈቃድ መመሪያ መሀል፣ ተበስቶ፣ በሽቦ ታስሮ። ፈርሜ የምመልሰው ቅጽም ከኋላው ተበስቶ ታስሯል። ከተላላኪው ፊርማ ጀምሮ ስቆጥር በስድስት ሰው እጅ አልፏል፤ ስድስቱም ፈርመዋል፣ ቀን ጽፈዋል። በማስተምረው ትምህርት ውስጥ ደብዳቤ የሚከፍተው ሰው ዱካውን ለማጥፋት ይጨነቃል። የእኛዎቹ ዱካቸው ላይ ማህተም መትተውበታል።

«ለምን አልነገርሽኝም? በየሳምንቱ አልነበር የምጠይቅሽ?» አልኳት።

«ይቆይ ተብሎ ነው የተመራው። ይቆይ የተባለ ነገር እንዴት እናገራለሁ?» አለችኝ፤ ከልቧ ግራ ገብቷት።

ወረቀቱን ከሽቦው ነቅዬ ወጣሁ። «ፋይል አይነቀልም!» እያለች ከኋላዬ ጮኸች። በዚያ ቢሮ ውስጥ የዚያን ቀን ደንብ የጣስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዳይሬክተራችን ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን የምጽፈው ለእሳቸው ብዬ አይደለም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ስለነበር ነው። ቢሮአቸው ገብቼ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና ፈገግ አሉ።

«አገኘሽው? ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኋላ እኔው ጠርቼ ላበሥርሽ ነበር እኮ። ተረጋግተሽ እንድታስተምሪ ብዬ ነው።»

«ቀኑ አልፏል። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።»

«እንዴ፣ እነሱ ትንሽ አይታገሡም?»

«ደብዳቤው የኔ ነው። በምን ሥልጣን ነው የሚከፍቱት?»

«እህቴ፣ በትምህርት ቤቱ አድራሻ የመጣ ነገር የትምህርት ቤቱ ነው።»

«ስሜ ተጽፎበታል እኮ!»

«አንቺስ የማን ነሽ? የትምህርት ቤቱ መምህር አይደለሽም?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፣ ንቀት የለበትም፤ ግልጽ የሆነ ነገር ለማይገባት ተማሪ እንደሚያስረዱ ነው የተናገሩት። «ፊዚክስ አስተማሪ በግንቦት ከየት አመጣለሁ? መቶ ልጅ ሜዳ ላይ ልበትን?»

ፈተናውን ሳላስፈትን እንደማልሄድ፣ ትምህርቱ የሚጀምረው መስከረም ላይ እንደሆነ፣ የሚያስፈልገኝ አንድ ፊርማና አንድ ቴምብር ብቻ እንደነበር ነገርኳቸው። ይህ ሁሉ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፤ እሳቸው ግን ከመጀመሪያው አንቀጽ አላለፉም። ሰው የሌላውን ደብዳቤ ከከፈተ ምናለ እስከ መጨረሻው ቢያነበው! ልወጣ ስል ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ለማንኛውም እንኳን ደስ አለሽ። ትምህርት ቤታችንን አስጠርተሻል» አሉ። እጃቸውን አልጨበጥኩም። እስከ ዛሬ ጨዋነት የጎደለኝ ተብዬ የምነሣው በዚህ ነው።

መምህራን ማረፊያ ስገባ ደግሞ ሌላው ጠበቀኝ። የባዮሎጂው መምህር፣ ስድስት ዓመት አንድ ጠረጴዛ የተጋራን ሰው፣ ፊቴን አይቶ «ውይ፣ እስከ ዛሬ አልነገሩሽም እንዴ?» አለኝ። አውቆ ኖሯል። የአንድ ለአምስት ቡድን መሪዎች ሲሰበሰቡ በሌሎች ጉዳዮች ላይ ተነሥቶ፣ የፊዚክሷ መምህርት ልትሄድ ስለሆነ ለመጪው ዓመት ይታሰብበት ተብሎ ተወያይተውበታል። ግማሹ ማረፊያ ያውቃል። ለምን ዝም አልከኝ ስለው ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«ኃላፊ ሳይናገር እኔ ምን አፈጠነኝ ብዬ ነው። ደግሞ የምሥራች ነው፣ ባለቤቱ ይንገራት ብዬ።»

ባለቤቱ። የደብዳቤዬ ባለቤት ዳይሬክተሩ ሆነዋል፣ ይህንንም የሚለኝ ጓደኛዬ ነው። እኔ በየሳምንቱ መዝገብ ቤት እየተመላለስኩ ስጠይቅ እነዚህ ሁሉ ሰዎች በመስኮት ያዩኝ ነበር። አዝነውልኝም ይሆናል።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። በሚኒባስ ወደ ዳንግላ ወረድኩ፤ ለአባቴ ለመናገር። መንገዱን ሁሉ በልቤ እየተናገርኩ ነው የሄድኩት። አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ረዳቱ የከሰል ጆንያ ጣሪያ ላይ እስኪጭን ቆምን፤ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣይው?» አሉኝ። ለካ ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ነበር።

አባቴን ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ወረቀቱንም ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አላዩትም። መጀመሪያ ማህተሙን፣ ከዚያ ቁጥሩን፣ ከዚያ ቀኑን ተመለከቱ።

«ጥሩ እጅ አላት» አሉ። «ቁጥሩ ከቀኑ ጋር ይሄዳል። አልሰረዘችም፣ አልደለዘችም።»

«አባባ! እኔ ተሰርቄ እርስዎ የእጅ ጽሑፍ ያደንቃሉ?»

«ማን ሰረቀሽ? ተመዝግቧል እኮ። የተመዘገበ ነገር ተሰረቀ አይባልም። ብትጠይቂ ይገኛል፣ ጠየቅሽ፣ ተገኘ።»

«ጊዜው ካለፈ በኋላ!»

«ይቆይ ማለት ይጥፋ ማለት አይደለም፣ ልጄ።»

እንዲህ ነው የተከራከርነው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። ጎረቤት ብቅ ብሎ በአዊኛ ምን ሆናችሁ ብሎ ጠየቃቸው፤ አባቴም በዚያው በአዊኛ ምንም አይደለም ብለው መለሱት። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። «እርስዎ በዚያች ሴትዮ ቦታ ቢሆኑ ይሰጡኝ ነበር?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁና በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። ረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«ከተመራ በኋላ መዝገብ ቤት ምን ያገባዋል?» አሉ።

ምሳ ቀርቦ ሳለ ሳልበላ ተነሥቼ ወጣሁ። በእኛ ቤት ማንም አባቱን እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

እንጅባራ ተመልሼ ለዩኒቨርሲቲው የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፍኩ። የሆነውን ሁሉ መጻፍ ነበረብኝ፣ ግን እንዴት ተደርጎ ይጻፋል? «ደብዳቤዬን አለቃዬ ከፍተው፣ አንብበው፣ ለእኔ ሲሉ ፋይል ውስጥ አሰሩት» ብዬ ብጽፍ ማን ያምነኛል? ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። አገሬን ላሳማ ነው፣ ልሸፍን ነው? በመጨረሻ «በአስተዳደራዊ ምክንያት ዘግይቶ ደረሰኝ» ብዬ ጻፍኩ። እኔም የእነሱን ቋንቋ ነው የተናገርኩት፤ ይህም ያናድደኛል። መልሱን በፖስታ እንዲልኩልኝ ጠየቅሁ፣ ኢንተርኔቱ እንደገና ጠፍቷልና። በዚህ ዓለም የማውቀው የመሥሪያ ቤት ያልሆነ የፖስታ ሳጥን አንድ ብቻ ነው፤ አባቴ ጡረታ ሲወጡ ደብዳቤ መቀበል እንዳይቀርብኝ ብለው በዳንግላ ፖስታ ቤት የተከራዩት። ደውዬ «በእርስዎ ሳጥን ደብዳቤ ይመጣልኛል» አልኳቸው። «እሺ» አሉ። ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።

የሆነው ሆኖ ማስተርሴን ተምሬያለሁ። እዚሁ አገር፣ በክረምት መርሃ ግብር፣ አራት ክረምት ሙሉ እየተመላለስኩ። የብርሃን ቅንጣት ትምህርት፣ ኳንተም ኦፕቲክስ የሚሉት ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌም መሀል ገብቶ የሚያይ ሰው ስለሚያመጣው ስሕተት ነበር። ቤተ ሙከራ የለም፣ ሁሉም በወረቀትና በእስክሪብቶ። ጠቅ የሚለውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልሰማሁትም። የስሕተቱን ልክ ግን እስከ አራተኛ አሃዝ አስልቼዋለሁ። ስሠራ ደግሞ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ያቺ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ተማሪ ትጠይቀኛለች፦ ታውቆበትስ?

አባቴ የመጡት በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ቀን ነው። ከጧት ጀምሮ ዶፍ ይወርድ ነበር። የግቢው በር ተንኳኳ፣ ስከፍት አባቴ ከባጃጅ ወርደው ቆመዋል። ጋቢያቸው ርሶ ከትከሻቸው ላይ ተለጥፏል፣ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ከተለያየን በኋላ ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው። ወደ ቤት ገብተው እንኳ ሳይቀመጡ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ አስገብተው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ፌስታሉን ፈቱት። ነጭ ፖስታ ነበር፣ ደረቅ። በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«አልከፈትኩትም» አሉ።

አየሁት። ሙጫው እንዳለ ነው። ማህተም የለበትም፣ ቁጥር የለበትም። አባቴ ፖስታውን ብቻ ይዘው ነበር ከዳንግላ ድረስ በሚኒባስ የመጡት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያልተከፈተ ደብዳቤ ለባለቤቱ ሰጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆመዋል። ጀርባዬን ሰጥቼ ከፈትኩትና አነበብኩት። አጭር ነው። አቤቱታዬን እንዳዩት፣ ቦታው ለተጠባባቂዋ ተሰጥቶ ማለቁን፣ በመጪው ዓመት እንደ አዲስ ማመልከት እንደምችል ይናገራል።

«ምን ይላል?» አሉ አባቴ ከኋላዬ።

«ይቆይ አባባ፣ መጀመሪያ ይረፉ። ልብስዎን ይቀይሩ።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ለእሳቸው ብዬ ነበር፣ እንዳያዝኑ፣ እስኪሞቃቸው ድረስ ብዬ። ዳይሬክተሩም ለእኔ ብለው ነበር። ንዴት ከእግሬ እስከ ራሴ ወጣብኝ፣ ያን ጊዜ በራሴ ላይ። አባቴን እጃቸውን ይዤ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና ደብዳቤውን ከአናቱ እስከ ፊርማው በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። አንድም መስመር አልዘለልኩም። «እናዝናለን» የሚለውን ሳይቀር ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ሁለት ጊዜ ስለተጻፈ።

አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር።

«በስንት ቀን ነው ያለፈሽ?» አሉኝ።

«ደብዳቤው እጄ ሲገባ አሥራ አንድ ቀን አልፎት ነበር።»

«አሥራ አንድ ቀን» አሉ። ከጋቢያቸው ጫፍ ውኃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። «እኔ ሁለት ዓመት ያቆየሁት አለ።»

«የማን?» አልኳቸው።

«የአንዲት ነርስ ነበር። ለትምህርት ጠርተዋት ነው። ይቆይ ተብሎ ተመራ፣ አቆየሁት። በየጊዜው እየመጣች ትጠይቀኝ ነበር።»

«ምን ይሏት ነበር?»

«ላንቺ የተመራ የለም እላታለሁ።»

«ከዚያስ? ምን ሆነች?»

«መምጣት ተወች።»

«ስሟ ማን ነበር?»

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። ለማስታወስ ሲጥሩ ግንባራቸው ላይ ያየሁት ጭንቀት የውሸት አልነበረም።

«ስሟን ረስቼዋለሁ» አሉ። የደብዳቤዋን ቁጥር ግን ከነዓመተ ምሕረቱ ነገሩኝ።